አምፖሉ ሳይጠፋ

ደብረ ማርቆስ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እምዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲገባ ቁርጥማቱ ይብስብሻልና ሐሳቤ እዚያው ነው። ወንድሜ አንሙትስ? ከብቶቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ስልኩ እንደልብ አይሠራም፤ ወሬው ግን ከእኔ ቀድሞ ሉማሜ መድረሱን ሰማሁ። የእህቴን የአርሴማን ባል፣ እንዳላማውን፣ በኤሌክትሪክ ወጥመድ ልገድለው ነበር ተብሎ ተነግሮሻል። ውሸት ነው። የሆነውን ከእኔው ስሚው። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ማን እንደሚከፍተው ስለማይታወቅ ግን ሁሉንም ሰው በስሙ አልጠራልሽም።

አገጯን በጡጫ ከሰበረውና ከቤቱ ከጠፋች ወዲህ በየዘመዱ ደጅ እየዞረ ሲፈልጋት እንደከረመ ታውቂያለሽ። እኔ ሱቅ የመጣው በገበያ ቀን፣ ጠዋት ነው። የአንድ በያጅ ማሽን ልጠግን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ነበር። ሥራዬን አይተሽው ስለማታውቂ ላስረዳሽ። የብየዳ ማሽን ከሶኬት ቢነቀልም ሆዱ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ትናንሽ ጣሳ የሚመስሉ ዕቃዎች አሉ፤ የጠጡትን ኃይል ቶሎ አይለቁም። ቂመኞች ናቸው። አንዳንዱ ሠራተኛ ኃይሉን ለማስወጣት ሁለቱን እግሮቹን በካቻቢቴ አገናኝቶ ያስጮኸዋል፤ ብረቱ ይቀልጣል፣ ዓይንም ይጠፋል። እኔ ሬዚስተር የሚባል የኃይል ማዘግያና ትንሽ አምፖል ያሰርኩበት፣ የእንጨት እጀታ ያለው መሣሪያ አለኝ። ሁለቱን ሽቦዎች ከካፓሲተሩ እግሮች ጋር ሳስነካቸው ኃይሉ በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ አምፖሉ ይበራል፣ ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ሊሆን ስለሚችልም በኤሌክትሪክ መለኪያ ለክቼ ባዶ መሆኑን ሳላይ እጄን አላስገባም።

አምፖሉ ገና ደምቆ ሲበራ በሩን በርግዶ ገባ። ሽመል ይዟል። «የት ደበቅሻት?» አለኝ። መልሴን ሳልጨርስ ሽመሉ ቀኝ ክንዴ ላይ አረፈ። አጥንቴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት እምዬ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ። መሣሪያው ከእጄ ወደቀ። በሁለተኛው ግንባሬን ፈነከተኝ፤ ደሙ ዓይኔን ሸፈነው። መደርደሪያውን ጎትቶ ጣለ፤ የሰው ቴሌቪዥን በጫማው ረጋገጠ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሥራነሽ ከደጅ ኡኡታዋን አቀለጠችው። እሱ ጸጉሬን ይዞ ከግድግዳው እያላተመኝ «የእሷን አገጭ ነው የሰበርኩት፤ አንቺን አፈር ነው የማስበላሽ» ይላል።

ከዚያ ለቀቀኝና ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የተከፈተውን ማሽን አንሥቶ ሊከሰክስብኝ መሆኑ ገባኝ። «አትንካው! ኃይሉ አልወጣለትም፤ ይገልሃል!» ብዬ ጮኽኩ። ደጋግሜ ጮኽኩ፤ ሥራነሽ ምስክሬ ናት። ሳቀ። «ደግሞ ሴት ልታዘኝ?» ብሎ ሁለት እጁን ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሰደደ።

ማሽኑ እንደ ጥይት ጮኸ። እንዳላማው ወደ ኋላ ተወርውሮ በጀርባው ተዘረረ። መዳፎቹ ተጠብሰው ሸተቱ። አይተነፍስም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ። ሽመሉ እግሬ ሥር ነበርና አንሥቼ ጭንቅላቱን ላፈርሰው ተመኘሁ። ያን ጊዜ አንሙት ታየኝ። ይህ ሰው እኔ ሱቅ ውስጥ ከሞተ ወንድሞቹ ጠመንጃ የሚደግኑት በእኔ ላይ አይደለም፤ ደም በሴት አይመለስም። አንሙትን ይጥሉታል፤ የእኛም ሰዎች በተራቸው የእነሱን። አንቺም ልጅሽን ትቀብሪያለሽ።

ሥራነሽ ልታነሣው ስትሮጥ ማሽኑን እንዳትነካ ከለከልኳት፤ በሩንም ዝጊው አልኳት። በግራ እጄ መሣሪያዬን ፈልጌ የቀረውን ኃይል አስወጣሁ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ትንፋሹ የቆመ ሰው ደረቱን መጫን እንዳለበት በቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ በአንድ እጅ ግን አልሆነልኝም።

ይኼኔ ከጓዳ አንዲት ሴት ወጣች። ዕቃ ልታሠራ የመጣች ደንበኛ ናት ልበልሽ። ፊቷን በነጠላ ጠፍራ አስራለች፤ መናገር አትችልም። እንዴት እንደሚጫን አሳየኋት። ተንበርክካ ተጫነችው። እንባዋ ፊቱ ላይ እየወረደ፣ ትደበድበው ይሁን ታድነው እስኪጠፋኝ ድረስ ተጫነችው። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ሰማን፤ አላቆመችም። በመጨረሻ አቃሰተና ተነፈሰ። ዓይኑን ሳይገልጥ ተነሥታ ወደመጣችበት ገባች። ሥራነሽም እስከ ዛሬ አፏን ዘግታለች።

ከሐኪም ቤት ሲወጣ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባ አካለ ወልድ መስቀላቸውን ይዘው መሀል ነበሩ። ወንድሞቹ «አርሴማ ያለችበትን አላውቅም ብላ መስቀል ይዛ ትማል» አሉ። ዓይኔን ከመስቀሉ አሸሸሁ። አባ ዓይኔን አዩና «ቀኝ እጇን ሰብራችሁ በምኗ ትያዘው? ይለፍ» አሉ።

እንዳላማው «በሥርዓት ያገባኋትን ሚስቴን አምጡልኝ» ብሎ ተነሣ።

አባም «ልጄ፣ ትንፋሽህ ቆሞ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉት።

«እውነት ነው፤ ሞቼ ነው የተነሣሁት!» አለ እየፎከረ።

«ቃል ኪዳንህ እስከ ሞት ነበር። እንግዲያስ ሞት ለይቷችኋል። አርሴማ የሟች ሚስት ናት።»

ሽማግሌው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን በፋሻ የተጠቀለለ መዳፉን አየ። ሳይወድ በግድ እኛን ላይነካ፣ እሷንም ላይፈልግ ማለ። ሲወጣ አጠገቤ ቆመና «ደረቴን የተጫነችው ማን ናት?» አለኝ። ድምፁ የድሮው አልነበረም። «እግዜር የላካት» አልኩት።

እንግዲህ አንሙት ጠመንጃውን ይስቀል። አንቺም ማልቀስሽን ተዪ። ክንዴ እየገጠመ ነው። የላክሽው በሶ ደርሶናል፤ ማላመጥ ስለማይጠይቅ ከምግብ ሁሉ እሱ ተስማምቷልና ሰው ስታገኚ ጨምሪልን።

እመቤታችን በጥላዋ ትሸፍንሽ፤ ደጅሽ እንግዳ እንጂ ጠላት አይርገጠው። ጉልበትሽን ስመናል።

ልጆችሽ