ጥቁሩን አስቆረጥኩት

መስፍኔ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሰባት ወር አለፈ። ይኼን ያህል ጊዜ ዝም ብዬህ አላውቅም። በሕይወት ሳለህ ተኳርፈን እንኳ ከሦስት ቀን በላይ አልችልም ነበር፤ በሦስተኛው ቀን «ራት ቀርቧል» እልህና በዚያው እንታረቃለን። ስለዚህ ዛሬም እኔው ልጀምር።

ቤቱ ደህና ነው። የውኃ ታንከሩን አስቀየርኩ። ያ በላስቲክ እየጠቀለልክ ስትጠግነው የኖርከው ቧንቧም ተነቅሎ ተጣለ፣ ይቅር በለኝ። ካዛንቺስ ያለችው የመጀመሪያዋ የኪራይ ቤታችን ግን ከነግቢዋ የለችም። ባለፈው በዚያ በኩል ሳልፍ መንገዱ ሰፍቶ፣ መብራቱ በዝቶ፣ በራችን የት ጋ እንደነበረ መለየት አቃተኝ። ቆሜ ግራና ቀኝ ሳይ አንድ ዘበኛ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «ቤቴ» ልለው አልኩና «ታክሲ» አልኩት።

እማማ ያለኝ በምክንያት ነው። የተቀመጥኩትም እሱን ልነግርህ ነው። መስፍኔ፣ ቀለም መቀባት ትቻለሁ። ጸጉሬ አሁን ነጭ ነው። እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ሽበት እንዳይመስልህ፤ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ ነጭ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ሜላት ስድስተኛ ክፍል የነበረች ጊዜ ላንተ ጫማ ልንገዛ ለገሃር ሄድን። እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፣ አንተ ሠላሳ ስድስት። አንተ ቀጭን ስለሆንክ ገና ተማሪ ትመስላለህ፤ እኔ ደግሞ እንደ እናቴ ቶሎ ሸብቻለሁ። ነጋዴው ፊቴን እንኳ በቅጡ ሳያይ፣ ጸጉሬን ብቻ አይቶ፣ «እማማ፣ ለልጅዎ ይኼኛው ይሻለዋል» አለኝ። አንተ ሳቅህ። ጫማውን እየለካህ ሳቅህ፣ ታክሲ ውስጥ ሳቅህ፣ ከዚያ ወሎ ሰፈር እህትህ ቤት ወስደኸኝ ለእትዬ ዘውዴና ለቤተሰቡ ሁሉ የነጋዴውን ድምፅ እያስመሰልክ አወራህላቸው። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሰኞ ከሥራ ስወጣ የመጀመሪያውን ቀለም ገዛሁ።

ለምን ብለህ አልጠየቅኸኝም። «አምሮብሻል» አልከኝ፣ በቃ። ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም፤ ነገሩ ካንተ አእምሮ በዚያው ቀን ወጥቶ ሄዷል። ከእኔ ግን አልወጣም ነበር። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከጓሮ ወንበር አውጥተህ፣ ትከሻዬ ላይ አሮጌ ፎጣ ጣል አድርገህ፣ ያቺን ስስ የላስቲክ ጓንት አጥልቀህ፣ በጥርስ ብሩሽ የኋላዬን ትቀባልኝ ነበር። እጅህ ቀስ ያለ ነበር። ጸጉሬን እየከፈልክ፣ ሥራ ቦታ ያናደደህን ሰው እየነገርከኝ፣ ቀለሙ ሲያልቅብህ ደግሞ ከንፈርህን እየመጠጥክ። ያን ሰዓት እወደው ነበር፣ አልክድህም። ቀለሙን ግን አልወደድኩትም። ራሴን ለሁለት ቀን ሲያሳክከኝ ይከርማል፤ ሥሩ ብቅ ማለት ሲጀምር ደግሞ ሰው ባናገረኝ ቁጥር ዓይኑ ወደ ግንባሬ የሚሄድ ይመስለኛል። ለሠርግ ስጠራ መጀመሪያ የማስበው ስለ ልብሴ ሳይሆን ስለ ጸጉሬ ነበር። እንዲህ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ከዚያ አንተ ሞትክ። ሴቶቹ ራሴን በጥቁር ሻሽ አሰሩልኝ፤ ዓመት ሙሉ ከመታጠቢያ ሰዓት በቀር አልፈታሁትም። ስታጠብም መስታወት አላይም ነበር። ሙት ዓመትህን ቂርቆስ አስቀድሰን፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ሜላትም ከተኛች በኋላ ከሌን አወለቅሁ፤ ሻሹንም ፈትቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። እስከ ጆሮዬ ነጭ፣ ከጆሮዬ በታች ጥቁር። ጥቁሩ አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የቀባኸው ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘውዴ መጣች። እህትህን ታውቃታለህ፤ ስትወድ እንደ ፖሊስ ነው። አንድ ቡናማ ቀሚስና አንድ የቀለም ካርቶን ይዛለች። «በይ ተነሺ፣ ጸጉር ቤት ወረፋ አስይዣለሁ። ወንድሜን በቅጡ አልቅሰሽለታል፤ አሁን ደግሞ ሰው ሁኚ» አለችኝ። ተነሣሁ። ክርክር የምወድበት ቀን አልነበረም። ቂርቆስ ገበያው አጠገብ ያለችው ጸጉር ቤት ገባን፤ ጸጉር ሠሪዋ ፎጣውን አጠለቀችልኝ፣ ቀለሙን በጥብጣ መጣች። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ያ ሁሉ ዓመት ተመልሶ መጣብኝ። እንግዲህ እስክሞት ልቀባ ነው? አንተ የለህም፣ ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን የሚያስተያየን የለም፤ ታዲያ ለማን?

«ተዪው» አልኳት። «ጥቁሩን ቁረጪልኝ።»

ጸጉር ሠሪዋ ግራ ገብቷት እትዬ ዘውዴን አየቻት። «ነጩን ማለትሽ ነው?» አለች እህትህ።

«ነጩማ የእኔ ነው። ጥቁሩን።»

እህትህ የሆነችውን ብነግርህ ታዝናለህ። አለቀሰች። «ጸጉርሽን ልትላጪ ነው? ሐዘኑን እንደገና ልትጀምሪው ነው?» አለችኝ። ትክክል ናት፤ በእኛ አገር ባል የሞተባት ሴት ጸጉሯን ስታስቆርጥ ሌላ ትርጉም የለውም። ሐዘን እንዳልሆነ ልነግራት ሞከርኩ፤ አልገባትም። መቀሱ ማጅራቴ ላይ ሲያልፍ ግን እኔም አልቻልኩም። እጅህ የነካው ነው ወለሉ ላይ የወደቀው። ልጅቷ ጠርጋ ልትጥለው ስትል እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም ነበር። አልዘረጋሁም። መስፍኔ፣ አንተን ለማስታወስ እሱን መሸከም አያስፈልገኝም ብዬ ነው። ትቀየመኛለህ ብዬም አልፈራሁም። ብትቀየመኝም ያስቆረጥኩት ነበር።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ባምቢስ ያለው ቢሮዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ከተቀመጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደሆነኝ ታውቃለህ። ታክሲ ውስጥ ቦታ ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ፣ ምን ችግር አለው። ቢሮ ግን የሚያየኝ ሁሉ «ዛሬም አልተጽናናሽም?» ይለኛል። ደህና ነኝ ብል የሚሰማ የለም፤ ጸጉሬ እኔን ቀድሞ ያወራል። አንዷ ጭራሽ «እግዜር ያጽናሽ» ብላ አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ደግሞ በዚያን ቀን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ቀለል ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አስጠራኝ። በዕድሜ ካንተም የሚያንስ ሰው ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ደክሞዎታል ብለን አስበናል። ማለቴ፣ መዝገብ ቤት ጸጥ ያለ ነው፤ ለእንግዳ መቀበያው ደግሞ ትንሽ ነቃ ያለ ገጽታ ፈልገን ነበር» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ከጆሮዎቹ በላይ በሁለቱም በኩል ሽበት አለው፤ ያምርበታል።

«እርስዎስ አልደከመዎትም?» አልኩት።

«እኔ? ለምን?»

«ሽበትዎን አይቼ ነው።»

ሳቀ፤ ከዚያ የተናገርኩት ገባውና ሳቁን አቆመ። እኔም ተነሣሁ። «ሥራዬ ላይ የጎደለ ነገር ካለ በደብዳቤ ይስጡኝ፤ ምክንያቱ ይጻፍበት፣ ማህተም ይደረግበት። እንደዚያ ከሆነ እሄዳለሁ» አልኩና ወጣሁ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ የመጀመሪያውን ስልክ ሳነሣ ድምፄ እንኳ የእኔ አልመስል አለኝ። ደብዳቤውን ስጠብቅ አንድ ወር ሄደ፣ ሁለት ወር ሄደ። ምን ብሎ ይጻፈው? እስከ ዛሬ አልመጣም፤ እኔም እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ሜላትን አላሰብኳትም።

ልጃችን አገባች፣ መስፍኔ። ይኼን መጀመሪያ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ ለብቻው እንዲሆን ብዬ አቆየሁት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሽማግሌ የላከው በሥርዓቱ ነው። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሜላት አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። ለሠርጌ ብቻ ተቀቢልኝ» አለችኝ። እኔም ተቆጣሁ። አንቺም አፈርሽብኝ? የአማትሽ ጸጉር ጥቁር ስለሆነ ነው? አያቷ ናት እንዳይሉሽ ነው? ብዙ ተናገርኩ፤ የእህትህንም፣ የሥራ አስኪያጁንም እሷ ላይ አወረድኩት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አይደለም፤ አባዬ ፎቶው ውስጥ የለም። ቢያንስ አንቺ እሱ የሚያውቅሽን እንድትመስዪ ፈልጌ ነው» አለች።

ማንም ያላለኝን ነው ያለችኝ። አቅፌያት ብዙ ቆየን። ያን ሳምንት ቀለም ገዛሁ፣ አልዋሽህም። ካርቶኑ መታጠቢያ ቤት መደርደሪያው ላይ አራት ቀን ተቀመጠ። ባየሁት ቁጥር እንደ ሕፃን እጄን ከኋላ አጣምሬ አልፈዋለሁ። በአምስተኛው ቀን ጓንቱን አጥልቄ ቆምኩ፤ የኋላዬን እንዴት እንደምቀባው አላውቅም ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት የኋላዬን ሽበት እኔ አይቼው አላውቅም፤ ያየኸው አንተ ነህ። በየወሩ ከሥሩ ከፍለህ፣ አንድ በአንድ እያየህ ነው የሸፈንከው።

ሜላትን ጠራኋት። «አባትሽ የሚያውቀኝ እንዲህ ነው» አልኳት ነጩን እያሳየኋት። «ጥቁሩን የሚያውቀው ሌላው ሰው ነው። እሱ ይኼን ነበር የሚያውቀው።» እጇን ጸጉሬ ውስጥ አስገብታ እንደምትፈትሽ ሁሉ ወዲያና ወዲህ አደረገችው። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ግን አንቺ ደግሞ ያን ሁልጊዜ የምታዘወትሪውን ግራጫ ሸሚዝ አትለብሺም።» ተስማማን። ቀለሙን ለእትዬ ዘውዴ ሰጠኋት፤ እሷ ትቀባዋለች፣ ይመርባት።

የሠርጉ ቀን አዳራሹ በር ላይ የቆመችው አስተናጋጅ እጄን ይዛ በአክብሮት ወስዳ አያቶች የተቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ። ውኃም ቀዳችልኝ። ውኃውን ጠጣሁላት። ከዚያ ተነሥቼ በአዳራሹ መሐል፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ነጭ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወደ ፊት ሄድኩ። ልጅቷ ከኋላዬ እየሮጠች «እማማ፣ እዚያ የሙሽሮቹ ወላጆች ናቸው!» ትላለች። «አውቃለሁ፤ የወለድኳት እኔ ነኝ» አልኳት። አጠገቤ የነበረው ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም እንዳይቀመጥበት አድርጌያለሁ። የሙሽራው እናት ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «እኔ ይኼ ድፍረት የለኝም» አለችኝ። «መጀመሪያ የተውኩት ስለደከመኝ ነው፤ ድፍረቱ ኋላ መጣ» አልኳት። ሙዚቃው ሲጀምር እጇን ይዤ አስነሣኋት። ጨፈርኩ መስፍኔ፤ ትከሻዬ እስኪታመም ጨፈርኩ። ያዘንኩ የመሰላቸው ሁሉ እያዩኝ።

ጧት ጧት መስታወት ሳይ አሁንም የምደነግጥበት ቀን አለ። ማናት ይቺ እላለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። አንተ አርባ ስምንት ላይ ቆምክ። እኔ ሃምሳ አምስት ልደፍን ነው። ስንጋባ በመካከላችን የነበረው አምስት ዓመት በየዓመቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ስልሳ እሆናለሁ፣ እግዜር ከፈቀደ ሰባ እሆናለሁ፣ አንተ ያው ነህ። አንድ ቀን ፎቶህን የሚያይ ሰው «ልጅዎ ነው?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። ባሌ ነው እለዋለሁ፤ ስምህን እነግረዋለሁ፣ እጅህ ቀስ ያለ እንደነበር እነግረዋለሁ፣ ሳቅህ እንዴት እንዳበሸቀኝም እነግረዋለሁ። ምንህንም አልደብቅም፣ ምንህንም አልረሳም። የራሴንም ከእንግዲህ አልደብቅም።

ያንተው ጥሩወርቅ