በሳሙና ያጠብኩት ጋንሽ

አስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ትናንት አንድ ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽን አወጣሁልሽ። ሰው መጣ፣ በላ፣ ጠጣ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። ድንኳኑ ዛሬ ጠዋት ተነቀለ፤ እኔም አንቺ ጌሾ ታሰጪበት የነበረው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሻለሁ። የምነግርሽ ብዙ ነው፤ ግማሹ ያስቅሻል፣ ግማሹ ያስቆጣሻል። ከሚያስቆጣሽ ልጀምር። ትልቁን ጋንሽን በሳሙና አጠብኩት።

ቆይ፣ አትጩሂብኝ። ከቀብርሽ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጓዳ ስገባ ጋኑ ጠቁሮ፣ አፉ ዙሪያ ድፍድፍ ደርቆበት አየሁት። እንዲያ ሆኖ መቀመጡ ላንቺ ክብር አልመሰለኝም። ሽታው የሚያውድ ሳሙና ገዝቼ፣ መኪና በማጥብበት ብሩሽ ፈተግሁት። ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት መኪና የነዳ ሰው የሚያውቀው ማጠብ ይኸው ነው። ሸክላ ሳሙና እንደሚጠጣ ማን ነግሮኝ! የዕድር ሴቶች ለአርባሽ እዚያው ውስጥ ጠላ ጠመቁ፤ ሲከፈት የሕፃን ገላ መታጠቢያ ሸተተ። እኔው አውጥቼ ደፋሁት። ከዚያ ከየቤቱ ጠላ ለቃቅሜ ገዛሁና ቀላቅዬ አቀረብኩ።

ጋሽ አንጁሎን መቼም አትረሺያቸውም። ሃያ ዓመት ጠላ ቤትሽ ውስጥ ያችው አግዳሚ ላይ የተቀመጡ፣ ልጆቻቸው ሁሉ ፕሮቴስታንት ስለሆኑ ወደ ቤት ሲሄዱ የጠላውን ሽታ ለመሸሸግ ዝንጅብል የሚያኝኩ ሰውዬ። ለአርባሽ መጡ፣ ተቀዳላቸው፣ ግማሹን ትተው ተነሡ። ጋሽ አንጁሎ ብርጭቆ ውስጥ ጠላ ሲያስቀሩ በሃያ ዓመት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማልኩ። ለሙት ዓመትሽ የሚቀዳው ያንቺ ጠላ ይሆናል፤ ካልሆነ ውኃ እቀዳለሁ አልኩ። ልጃችን ሰብለ ከሐዋሳ ደውላ፣ አባዬ አትድከም፣ ቢራ በሳጥን እናስመጣ አለችኝ። እናትሽ በሳጥን አላሳደገችሽም ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። የዕድር ወንዶችም አልማሩኝም፤ ሻሽ እንግዛልህ ወይ እያሉ ቀለዱብኝ። ግዙልኝ አልኳቸው፤ ብቅል ሲበጠር ለአቧራው ደግ ነው።

ችግሩ አስካልዬ፣ አንቺ ስትጠምቂ እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ቤት ስሆን ደግሞ ሙያዬ መጠጣት ነበር። ጌሾው መቼ እንደሚገባ፣ እንኩሮው ምን ያህል እንደሚቆላ ሴቶቹ ነገሩኝ። በተዋስኩት ጋን ሦስት ጊዜ ጠመቅኩ። አንዱ ኮመጠጠ፣ አንዱ ጌሾው በዝቶበት እንደ ኮሶ መረረ፤ ሦስተኛው የሚጠጣ ነበር፣ ያንቺ ግን አልነበረም። ያንቺ መጀመሪያ ትንሽ ያዝ ያደርግና፣ ከዋጡት በኋላ የተቆላ ገብስ አፍ ውስጥ ትቶ የሚሄድ ነበር። ያንን ፍለጋ ተነሣሁ።

ሶዶ ውስጥ ጣሳ የተሰቀለበት የጠላ ቤት በር ሁሉ ገባሁ፤ ከመነኻሪያው ጀርባ ጀምሬ እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ። ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ ወዲህ ፊት ለፊታችን ድራፍት ቤት ተከፍቷል፤ ለፍርድ እንዲመች ብዬ እሱንም ቀመስኩ። አረፋው ደስ ይላል፤ ከአረፋው ሥር ግን ቅዝቃዜ እንጂ ሌላ ነገር አላገኘሁም። ልጆቹ ደግ ናቸው፣ ወንበር ለቀቁልኝ። ቦምቤ ሄጄ ቦርዴ ጠጣሁ፤ ጠጣሁ ልበል በላሁ እንጃ፣ ወፍራም ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ አንድ ጣሳ ይዞኝ እስከ ማታ ምግብ አላሰኘኝም። ሁምቦ በዚያ ሙቀት አንዲት ሴትዮ ጋኗን እርጥብ ጆንያ አልብሳ ጥላ ሥር ታኖራለች፤ ለታመመ ልጅ የምትጠነቀቅ ነው የምትመስለው። ቢጠና ላይ ጋን በግራዋ ቅጠል ሲታሽና በወይራ ጭስ ሲታጠን ቆሜ አየሁ። ያኔ ነው ስለ ሳሙናዬ ከልቤ ያፈርኩት። ተመልሼ ሁለት ወር ሙሉ ፍል ውኃና አመድ እየሞላሁ ስደፋ፣ ፀሐይ ሳሰጣው ከረምኩ። ጣዕምሽን ግን የትም አላገኘሁትም።

የቀረኝ አንድ በር ብቻ ነበር፤ ከአጥራችን ማዶ ያለው፣ የየሺ ጠላ ቤት። አተላዋን በቦዩ ወደ እኛ በር ለቀቀችው ብለሽ ከተጣላሻት አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። አንቺ ያላናገርሻትን እኔም አላናገርኩም፤ ባልሽ ነኛ። ቦምቤ ድረስ ስሄድ እንኳ በሷ በር ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። ሙት ዓመትሽ አንድ ወር ሲቀረው ግን፣ አስካልዬ ይቅር በይኝ ብዬ ከሰዓት በኋላ ገባሁ።

የሺ ስታየኝ ብድግ አለች። ብርጭቆ አለቅልቃ ቀዳችልኝ። አንዴ ተጎነጨሁ፤ ያንቺ ጠላ ነው። ራሱ! ቀጥሎ ደሜ ፈላ። «ሰረቅሻት!» አልኳት። በአሥራ አንድ ዓመት ለሷ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ከጠባችሁ በኋላ እርሾዋ ተበላሽቶባት ቤቷ ሊዘጋ ሲል፣ አንቺ በቅል ሞልተሽ በአጥሩ ቀዳዳ እንዳስቀመጥሽላት ነገረችኝ። በሰብለ ሠርግ ሰሞን ደግሞ ያንቺ ሲበላሽ፣ እሷ በዚያችው ቅል መለሰችልሽ። ከዚያ ወዲህ ቅሏ ስትመላለስ ኖረች፤ እናንተ ግን አንድ ቀን እንደምን አደርሽ ሳትባባሉ! እንዴት ይሆናል ብላት፣ «ጠቡ የእኛ ነው፤ እርሾው ምን አደረገ?» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ብሎኛል። እኔ ጠብሽን እንደ ዘበኛ ስጠብቅልሽ፣ አንቺ በጓሮ ትታረቂ ኖሯል። ቢያንስ ሹክ ብትዪኝ ምን ነበረበት? የዚያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ግን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከሞትሽ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

በማግስቱ የሺ ደጃችንን ረግጣ ገባች። ጋንሽን አሸተተች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ሦስቴ በግራዋ አሸችው። ወይራ አጭሳ አፉን በጭሱ ላይ ደፋችው። እንደገና አሸተተችና፣ በቃ ከሳሙናው ተላቋል አለችኝ። ድፍድፉን ግን አልነካችም፤ እሷ እየተናገረች በእጄ ያሸሁት እኔ ነኝ። እርሾው ያንቺ ነው፣ እጁ የኔ ነው።

ትናንት መጀመሪያ የቀዳሁት ለጋሽ አንጁሎ ነው። ብርጭቋቸውን አንሥተው ጨለጡት። እኔም ጆጉን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው አዩና፣ «አስካለ ራሷ ጠምቃው ነው እንዴ የሄደችው?» አሉ። ደግሜ ቀዳሁላቸውና ጓዳ ገብቼ ጋንሽን ተደግፌ አለቀስኩ። ሽማግሌው ሲሄዱ ዝንጅብላቸውን አግዳሚው ላይ ረስተውት ሄዱ።

እንግዲህ ስሚኝ። ጣሳሽ ከእንጨቱ ላይ አይወርድም። ጉልበቴ እስካለ ድረስ ለፋሲካና ላንቺ ዕለት እጠምቃለሁ፤ ሲደክመኝ ሰብለን አስተምራታለሁ፣ ሳጥኗን ትታ ትመጣለች። አንቺን የማስብሽ በሐውልት አይደለም፤ በዚህ ነው። ጋንሽንም ሳሙና ከእንግዲህ አያየውም።

ዛሬ ማለዳ ከጋኑ ግርጌ እርሾውን በቅሏ ቀድቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። እንደናንተው ቀዳዳው ላይ አስቀምጬ ልመለስ ነበር። ከዚያ ቆም አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠራኋት። የሺ፣ እንደምን አደርሽ አልኳት። ባንቺም ስም፣ በኔም ስም።

ባልሽ ታደሰ