ሳይነበብ የሚታለፍ ፈተና

ለተወደድሽ የእህቴ ልጅ ለማሪክሩስ፣

እንደምን ከርመሻል? የሊማ ጉም ሳልሽን አልቀሰቀሰብሽም? ባልሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ጤነኛ ነኝ። ጀልባዬም ከሞተሯ በቀር ጤነኛ ናት።

ዛሬ ግን ለጨዋታ አልጻፍኩልሽም። ለሐኪሞች የፈቃድ ማደሻ ትምህርት የምታወጪው የምርጫ ፈተና እዚህ ወንዝ ዳር ጤና ጣቢያችን ደርሶ ነበር። ከግርጌው ስምሽን ሳይ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ለዓሣ ሻጮቹ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ተንኮሌ ተነሣብኝና ጥያቄዎቹን በእጄ ሸፍኜ፣ ከየምርጫው ረጅሙን ብቻ አከበብኩ። በኋላ መልሱ ሲመጣ ሳስተያየው ከሃያ አሥራ ሰባት አገኘሁ። ፊደል የለየሁት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ።

ሃያ ዓመት ያከመችን ዶክተር ኔሊዳ አሥር አገኘች። ሁለት ትክክል መልስ ባየችበት ሁለቱንም አከበበች። የበሽተኛው ዕድሜ ባልተጻፈበት ደግሞ ዳሩ ላይ “ዕድሜው ስንት ነው?” ብላ ጻፈች። የሚያርመው ማሽን ነው፣ ማን ይመልስላት። “ዶክተርዬ፣ ረጅሙን አክብቢና ተገላገይ” ብላት፣ “ዶን ኤውሴቢዮ፣ በሽተኛ ሲመጣስ እንደዚሁ ላድርግ ይሉኛል?” አለችኝ። ሳቅኩባት።

ዘዴዬን የተማረልኝ አዲሱ ሐኪም ዊልመር ነው። እሱም አሥራ ሰባት አመጣ። ኔሊዳ ወድቃ ታገደች፣ ጣቢያውም ለእሱ ተሰጠ። ባለፈው ሳምንት ዓሣ አጥማጁን አብሳሎንን እባብ ነደፈው። ዊልመር እግሩን በገመድ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ኔሊዳ ሰምታ ከቤቷ ሮጣ መጥታ ስትፈታው ብዙ ሰዓት አልፎ ነበር። እኔው በጀልባ ከተማ አደረስኩት፤ እግሩን ቆረጡት።

ስመለስ የዊልመርን ወረቀት አገላብጬ አየሁ። ስድስተኛው ጥያቄ ስለ እባብ ነው። “እግሩን ሳያስሩ፣ እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ መድኃኒቱ ወዳለበት ቶሎ መውሰድ” የሚለውን አክብቧል። ረጅሙ እሱ ነበራ። “አንብበኸዋል?” ብለው፣ “ማንበብ አያስፈልግም ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?” አለኝ።

ማሪዬ፣ የእኔን ጥፋት ለአብሳሎን ሚስት ነግሬያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። የአንቺን አንቺ ተናገሪ። የኔሊዳ ይግባኝ ዓርብ በእናንተ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። የወደቁት ጥያቄዎቼ ናቸው እንጂ እሷ አይደለችም ብለሽ ካልተነሣሽላት ሌላ የሚነሣላት የለም።

እናትሽን ሳሚልኝ። መንትዮቹን ልጆችሽን ጆሯቸውን ቆንጥጪልኝ። ባልሽን ሰላም በይው። አብሳሎንም ከተኛበት ሰላም ብሎሻል፤ ፈተናውን ያወጣችው የእህቴ ልጅ ናት ስለው፣ “ያቺ ጎበዟ?” አለኝ።

አጎትሽ ኤውሴቢዮ
ሳንታ ኢነስ፣ ኡካያሊ ወንዝ ዳር
ማርች 11 ቀን 2019