ቢላዋህን አልልክም

አዋሽ ሰባት ኪሎ
እሑድ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሰላሀዲን፣ ካለህበት ሰመራ ይድረስህ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ከፍየል እጦት በቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ናፍቆቱን በኋላ እናየዋለን።

ስልክ የማልደውለው አኩርፌ አይደለም። ስሜ ስልክህ ላይ ሲመጣ ኔትወርኩ ይጠፋል። ወረቀት ኔትወርክ ስለማይፈልግ ይህን ጽፌ ለሹፌሩ ለይታያል ሰጥቼዋለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ፊትህ ቆሞ እንዲጠብቅ አደራ ብዬዋለሁ።

መልእክትህ ደርሶኛል። ትናንት ጠዋት ይታያል መኪናውን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ ገባ። ክርስቲያን ስለሆነ ሥጋችንን እንደማይበላ ታውቃለህ፣ ሻያችንን ግን ሁለት ሁለት ነው የሚጠጣው። አንገቱን ደፍቶ፣ "ሀምዳ፣ ሰላሀዲን እንዲህ በላት ብሎኛል፤ የሥጋ ነገር አልቆለታል፣ ሥጋ ቤቱን አከራዪና ባቲ እናትሽ ጋ ግቢ፣ የአባቴን ቢላዋ ላኪልኝ" አለኝ።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ሌላ ምንም አላለም።"

ለሁለት ወር ብለህ ሄደህ ስምንት ወርህ ነው። ከዚህ ቤት ሁሉ የናፈቀህ ቢላዋ ሆነ። ወላሂ ደሜ ፈላ።

አለቀለት ያልከውን ሥጋ እኔ ልንገርህ። አንተ ስትሄድ ስምንት ሺህ ብር የነበረው ሙክት ዛሬ አሥራ ስድስት ሺህ ይጠየቅበታል፣ እሱም ከተገኘ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ትልቁ ሆቴል ዝርዝሩ ላይ አሥር ዓይነት የሥጋ ምግብ ጽፏል፤ አስተናጋጁ አንዱን ስትጠይቀው አልቋል፣ ሌላውን ስትጠይቀው አልቋል፣ በመጨረሻ ፓስታ ይዞ ይመጣል። ከኬላው በታች ያለችው ደግሞ ጥብስ ብላ ድንች ትጠብስና አራት ፍሬ ሥጋ ላዩ ላይ ትበትናለች። አንዱ ሹፌር፣ "ሥጋው እስኪመጣ ድንቹን ልጀምር?" ብሎ ጠየቃት አሉ። እኔ እንዲህ አላደርግም። ያለኝ ቀን ሚዛን ሳላጎድል እሸጣለሁ፤ የሌለኝ ቀን ዛሬ ሽሮና ምስር ነው ብዬ ገና በር ላይ እናገራለሁ።

ጾም ሲገባ ይረክሳል ይሉኛል። የክርስቲያኑም የእኛም ጾም ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የሚገባው፣ ይህን ያህል በላተኛ ሊቀንስ ነው። ደላሎቹ ግን ከአሁኑ "ለዒድ ይወደዳል፣ ዛሬ ያዙ" እያሉ ዋጋ መጨመር ጀምረዋል። ለእነሱ ጾም ገባም ወጣም ያው ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት በበራችን የሚያልፈውን ነው። ከአዳይቱና ከጭፍራ የተጫነ ፍየል በሁለት ፎቅ መኪና ታጭቆ ወደ ላይ ወደ ቄራዎቹ ይወጣል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ዐረብ አገር ነው አሉ። ሽታው ቤቴ ይገባል፣ ፍየሉ አይገባም። አንተ የሄድከው ለዚህ ቤት ፍየል ልታመጣ ነበር። የመጀመሪያው ወር ስድስት ላክህ። ሁለተኛው ወር ሁለት። ከዚያ ወዲያ የፍየል ጠጉር አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አለች ሴትዮዋ። እኔ ደግሞ ፍየል አገር የተቀመጠ ባል አለኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ባጃጅ ይዤ አዋሽ አርባ ሄድኩ። አንድ የአፋር ሽማግሌ አንድ ሙክት ይዘው ተቀምጠዋል። አሥራ ስድስት ሺህ ስሰጣቸው ብሩን ደጋግመው ቆጠሩት። ምነው ስላቸው፣ "ወንድሜ አዳይቱ ነው። እንደዚህ ያለውን በአምስት ሺህ ሸጠ። ዝናብ የለ፣ ሣር የለ። ነጋዴው፣ ነገ ሞቶብህ ትጥለዋለህ ብሎ ገዛው። ሃያ ፍየል ነው የወሰደበት" አሉኝ።

"ነጋዴው ማን ይባላል?"

"የባቲ ሰው ነው። ፍየሉን ዐረብ አገር ለሚልከው ለሰመራው ትልቅ ነጋዴ ነው የሚገዛው። ሰላሀዲን ይሉታል።"

ባሌ ነው አላልኩም። አፈርኩ ሰላሀዲን። የማላውቅህ ሰው መስዬ ገመዱን ይዤ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ከብቱን ያረባው አላገኘው፣ የሚበላው አላገኘው፣ እኛ መሃል ያለነው አላገኘነው፤ ታዲያ ያ ሁሉ ዋጋ የት ገባ? አሁን መልሱን አንተ ታውቃለህ፣ ከበላህበት ማለቴ ነው።

ቤት ስደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የሚባርክልኝ አራጁ አብዱሰላም ነው። ዱሮ ክፍያውና ቆዳው ይበቃው ነበር። ፍየል ሲጠፋ ሥራው ቀነሰና ያጣውን ሁሉ ከእኔ ከአንዷ ሊያወጣ ተነሣ። ቆዳውን፣ ጉበቱን፣ ከዚያም አንድ የኋላ እግር አለኝ።

"እግሩን ከወሰድክማ በምን ሊቆም ነው?" አልኩት።

"ፍየሉ መቆም አያስፈልገውም። አንቺ ግን ወንድ ያስፈልግሻል" ብሎኝ ሄደ።

እንደ አገራችን ሴቶች ወግ ቢላዋ ይዤ በር ላይ ቆምኩ፣ የሚያልፍ ወንድ ባርክልኝ ልል። አንዱ ልብሴ ነጭ ነው አለኝ። ሌላው አብዱሰላምን ማስቀየም አልፈልግም አለ። ጎረቤታችን ክርስቲያኑ ባለጋራዥ ትግሉ ብቻ እጁን ጠርጎ መጣና፣ "እኔ ብባርክልሽ አንቺም ደንበኞችሽም አትበሉትም። ብቻዬን ልጨርሰው ነው እንዴ?" ብሎ አሳቀኝ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ከጂቡቲ የገቡ መኪኖች ተደርድረዋል፤ ሹፌሮቹ ዛሬ ሀምዳ ጋ ሥጋ አለ የሚለውን ሰምተው ተቀምጠዋል። ያን ቀን ባዶ ሆዳቸውን ብሸኛቸው ዳግመኛ በዚህ በር አይገቡም። ቤቱ ያን ቀን ነበር የሚዘጋው፣ አንተ ሳታዘኝ።

አሥራ አንድ ዓመት የፍየል እግር ይዤልሃለሁ። መጀመሪያ ውኃ እንደምታጠጣው፣ ቢላዋውን ከጀርባህ እንደምትደብቅበት፣ ዓይኑን በገዛ ጆሮው እንደምትሸፍንለት ከእኔ በላይ ያየ የለም። ሁሉንም እንደ አንተ አደረግሁ። ወደ ቂብላ አዞርኩት፣ ቢስሚላህ አላሁ አክበር አልኩ። እግሩን ወጥ ቤቷ አስረሳች ያዘችልኝ። ዓይኗን ጨፍና "በማርያም፣ በማርያም" ስትል፣ "አንቺ ዝም በይ፣ ይቀላቀልብኛል" አልኳት። ቢላዋውን አንድ ጊዜ ሳብኩት፣ አለቀ። ከዚያ ሽንኩርት ልከትፍ ገባሁ።

ጥብሱ ቀረበ። ገና እጃቸውን ሲሰዱ አብዱሰላም በር ላይ ቆመና፣ "ሴት ያረደችውን ነው የምትበሉት?" አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሥጋ ጠፋ እያሉ ሲያማርሩ የነበሩ ሰዎች ሳህን ገፉ። ሁለቱ ተነሥተው ወጡ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

ሽርጤን እንኳን ሳልፈታ ሼህ ሙሐመድሰዒድ ጋ ሄድኩ። ጠየቅኳቸው። "ሐላል ነው። በነቢያችን ጊዜ አንዲት እረኛ ሴት በድንጋይ ስለት አርዳ፣ ብሉት ተብሏል" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ፣ "ግን ሰው ስላልለመደ ለገበያሽ ወንድ ብትፈልጊ ይሻላል" ብለው ጨመሩ። እዚያ ላይ ያንተም የአብዱሰላምም የደላሎቹም ንዴት አንድ ላይ መጣብኝ። "ሼህ፣ ሐላል ከሆነ መጥተው ይብሉ። ካልሆነ እዚሁ ሐራም ነው ይበሉኝ" አልኳቸው። እሳቸውን እንዲህ በመናገሬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ከዘራቸውን አንሥተው ተከተሉኝ።

መሃል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ፣ አጥንት ይጨመርልኝ አሉ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ፣ ከዚያ ጎኑ ያለው። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ሳይደርስ ብረት ድስቱ ተጠረገ። መጨረሻ ላይ አብዱሰላም ራሱ ጥግ ይዞ አጥንት ሲግጥ አየሁት። ከፍሎ ነው የበላው። ጉበት አላቀረብኩለትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ባርኬአለሁ። እጄ ለምዷል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ቤቱን አላከራይም፣ ባቲም አልሄድም። እናቴ የዳረችኝ እንድትመልሰኝ አይደለም። ሥጋ አለቀ አትበል፤ አላለቀም፣ ተወስዶ ነው። ማን እንደወሰደውም ነግረውኛል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ባልዬው ራሱ ከጅቡ ጋር ተቀጥሮ ሲሠራ ግን ያየሁት በአንተ ነው።

በር ላይ ያለው ሰሌዳ ፀሐይ ጨርሶት ነበር፣ ቀለም አስቀባሁት። ስምህ እንዳለ ነው። ሹፌሮቹ በየቀኑ፣ ሰላሀዲን የት ሄደ ይሉኛል። ስምንት ወር ሙሉ፣ ፍየል ሊያመጣ ነው የሄደው እያልኩ እመልሳለሁ። እስከ ዛሬ አልዋሸሁም ብዬ አስባለሁ። ውሸታም አታድርገኝ።

ረመዳን ሳይገባ ና። ባዶ እጅህን ግን አትምጣ። ያን አዳይቱ ያለውን የሽማግሌውን ወንድም ፈልገህ፣ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብለህ፣ አንድ ፍየል በሙሉ ዋጋው ግዛውና ይዘህ ና። ቢላዋው አባትህ በሰቀለበት ምስማር ላይ ነው፣ ስለቱም ደህና ነው።

እግሩን ግን አንተ ነህ የምትይዘው።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልብህን ወደ ቤትህ ይመልስልህ፣ ለዚያ አገርም ዝናብ ይስጠው።

ሀምዳ
ከሰላሀዲን ሥጋ ቤት