ለመራጩ የሰጠሁት ስም

ወረታ፣ ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ዛሬ በእግር ኳስ የይፋግን ሴቶች ሁለት ለባዶ አሸነፍን፤ ሁለቱንም ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ። ከጎንደር የመጣው ተጫዋች መራጭ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን አጥቂ ትሆኛለሽ ብሎ ደብተሩን ገለጠ። «ስምሽ ከነአባትሽ?» አለኝ። የዓረብ ልጅ ናት ብሎ እንዳይተወኝ ፈራሁና «አልማዝ አያሌው» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው! አያሌው የእናቴ አባት ናቸው።

ዞር ስል የመናዊው አባቴ ሹራቤን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። የቡድናችንን ማልያ በሙሉ በስፌት መኪናቸው የሰፉልን እሳቸው ናቸው። መራጩ «እርስዎስ ምኗ ነዎት?» ቢላቸው፣ «ልብስ ሰፊያቸው ነኝ» አሉት።

ቤት ገብተንም አልተቆጡኝም። የተተረተረውን ማልያዬን እየሰፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ጎንደር ላይ አልማዝ አያሌው ብለው ሲጠሩሽ ቶሎ አቤት በይ፤ እንዳትረሺው» አሉኝ።