የቡልጋሪያው ወንፈልና የጎንደሩ ይለፍ ወረቀት

ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ አለበል፣
የጉዞና የይለፍ ወረቀት ጉዳይ ተጠሪ፣ የወዳጅነት ጉብኝት ልዑካን መሪ፣
ንፋስ መውጫ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የማኅተምዎን ጤንነት ከልብ እመኛለሁ። ማኅተምዎን ለይቼ ማንሳቴ ከነሐሴ ወር ጀምሮ አንድም ቀን ከመሳቢያው ሲወጣ ስላላየሁት፣ ታሞ ይሆን ብዬ በመሥጋት ነው። በእኛ በኩል እኔም፣ ባለቤቴ ውዴም፣ በሬዎቼም ደኅና ነን፤ ገብሱም ደኅና ነው፤ እንዲያውም ደርቆ፣ ዛላው ጎንበስ ብሎ አጫጅ ይጠብቃል።

ይህን ደብዳቤ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። ቀደም ሲል በዝግ ፖስታ ያቀረብኋቸው አራት ማመልከቻዎች ቢሮዎ ውስጥ መንገድ ስለጠፋባቸው፣ ይህኛውን እህል ሊያስፈጭ የመጣ ሰው ሁሉ እያነበበ ቢሸኘው ይደርሳል ብዬ ነው። ደግሞም እዚሁ ጋይንት በቤተ ልሔም ደብር ጾመ ድጓ የተማርሁትን ሰውዬ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጎረቤቶቼ ጋር አስቀምጣችሁ እንደገና ሀ ሁ ስላስቆጠራችሁኝ፣ የምስክር ወረቀትም አጨብጭባችሁ ስለሰጣችሁኝ፣ የትምህርቱን ፍሬ ለእናንተው ማቅረብ ይገባኛል።

ጥያቄዬ አንዲት ናት። ስቶያን የሚባል የቡልጋሪያ ሽማግሌ ገበሬ ኅዳር 22 ቀን ከአንድ የወዳጅነት ቡድን ጋር ጎንደር ከተማ ይገባል። የሚመጣው የእኔ ወንፈል ስላለበት ነው፤ እኔ አራት ቀን ሣር አጭጄለታለሁ፣ እሱም አራት ቀን ገብስ ሊያጭድልኝ ቃል ገብቷል። ወጥቼ እንድቀበለውና ወደ ቤቴ እንዳመጣው የሦስት ቀን ይለፍ ወረቀት እንዲሰጠኝ እለምናለሁ። ካልሄድሁ ጎንደር ላይ ዓይኑ መንገድ ላይ ሆኖ ይቀራል፤ የጋይንት ሰው አራት ቀን አብሮኝ ሠርቶ፣ ስመጣለት ጊዜ ተደበቀብኝ ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን ማሰቡ ራሱ ፊቴን ያቀላዋል።

እርስዎ ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ነገር ግን አስፈጪዎቹ ስለማያውቁት፣ ቅሬታዎቼንና ምስጋናዎቼን በቁጥር አድርጌ እንድዘረዝር ይፍቀዱልኝ። ባለፈው ሐምሌ አሥራ አንድ ኮከብ ገበሬዎች በእርስዎ መሪነት ለአሥራ አምስት ቀን ወደ ቡልጋሪያ መላካችን የሚታወስ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መስኮቱ። በአምስት ቀን ውስጥ ሰባት አዳራሽ ስላስገቡን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሄድም ፀሐይ እንዳይነካን የአውቶቡሱን መጋረጃ ስላስዘጉልን፣ ውጭ ያለው አገር ምንኛ ያማረ ይሆን እያልን በሐሳብ እንድንጓዝ ዕድል ሰጥተውናል። ከኮከቦቹ አንዱ የነበረው ጎረቤቴ ሞላ፣ ቡልጋሪያ ምን ትመስላለች ሲሉት ቀይ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛና የጠርሙስ ውኃ ናት ብሎ በሚስቱ ፊት ምሏል። ውኃውንም ቢሆን አልቀመስነውም፤ ምክንያቱን በሦስተኛው ቁጥር አስረዳለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቆጠራው። በስድስተኛው ቀን የአውቶቡሱ ጎማ በአንድ የሣር ሜዳ አጠገብ ፈነዳ። መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አንድ ሽማግሌና ባለቤቱ ያጨዱትን ሣር ለመሰብሰብ ሲጣደፉ፣ በላያቸው ደግሞ ጥቁር ደመና ሲመጣ አየሁ። እርስዎም ከገበሬ ቤት እንደተወለዱ ሰምቻለሁና፣ ዝናብ የመጣበትን ሰው እያዩ ቁጭ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ላስረዳዎ አይገባኝም። ወረድሁ፤ መንሽ አቀበሉኝ፤ ሥራ ጀመርሁ። ጎማው ሲቀየር እርስዎ እንደ ልማድዎ ቆጠሩ፤ እዚያው አገር የሚማረውን አስተርጓሚያችንን ኃይለ ሚካኤልን ከገበሬዎቹ ጋር ደምረውም አሥራ አንድ ሞልቷል አሉ፤ አውቶቡሱም ሄደ። ስንመለስ ባቀረቡብኝ ክስ ላይ ፈንታ ከልዑኩ ኮበለለ ተብሎ ተጽፏል። እኔ ግን ከሜዳው ንቅንቅ አላልሁም፤ የኮበለለው አውቶቡሱ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ ስለነዚያ አራት ቀናት ጥቂት ብናገር አይቀየሙኝ፤ ባሰብኋቸው ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፣ ውዴም ምን ነካህ ትለኛለች። የስቶያን ማጭድ እጀታው የሰው ቁመት ያክላል፤ ቆመው ነው የሚያጭዱበት። መጀመሪያ ቀን የገዛ እግሬን ልቆርጥ ስል ሽማግሌው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ግን ከእሱ እኩል አጨድሁ። እኔ በአማርኛ፣ እሱ በቋንቋው ስናወራ እንውል ነበር፤ ስለ በሬ፣ ስለ ዝናብና ስለ ሚስት የተነጋገርን ይመስለኛል፤ በሦስቱም ተስማምተናል። እርጎአቸው ከእኛው እርጎ አይለይም። ረቡዕ ዕለት እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እርጎውን ብመልስ፣ አሮጊቷ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አማተበችና ሮጣ ባቄላ አመጣችልኝ። በመካከላችን ባሕር አለ፣ ተራራ አለ፣ ሰባት አዳራሽ አለ፤ ረቡዕ ግን አንድ ነው። ይህንን በማወቄ እንዴት ደስ እንዳለኝ በማመልከቻ ቋንቋ መግለጽ አልችልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ራስ መነቅነቅ። ስንሰነባበት አራት ጣቴን አሳይቼ፣ የማጨድ ምልክት ሠርቼ፣ እሱን ጠቁሜ፣ ከዚያም ወደ ጋይንት በጣቴ አመልክቼ፣ ወንፈል መሆኑን ነገርሁት። ሽማግሌው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እምቢ አለኝ ብዬ በጋሪው ወደ ሆቴላችን ሲያደርሰኝ መንገዱን ሁሉ አኩርፌ ሄድሁ። ሆቴሉ በር ላይ ኃይለ ሚካኤል ነገሩን ሰምቶ፣ ጋሼ ፈንታ፣ እዚህ አገር ራስ ወደ ጎን መነቅነቅ እሺ ማለት ነው፣ ወደ ታችና ወደ ላይ መነቅነቅ ደግሞ እምቢ ነው አለኝ፤ ያን ጊዜ ሽማግሌውን አንገቱን አቅፌ ሳምሁት።

እናም፣ ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ እርስዎን አሰብሁ። በሰባቱ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ንግግሩን ሁሉ በደስታ ራስዎን ወደ ታችና ወደ ላይ እየነቀነቁ አልነበር የተከታተሉት? ወዳጅነታችን ይጠንክር ሲሉዎ እምቢ ብለዋል። ሰላም ይስፈን ሲሉዎ እምቢ ብለዋል። በዚያ ሙቀት ውኃ ይጠጣሉ ወይ ብለው ሦስት ጊዜ ሲጠይቁዎም ሦስት ጊዜ እምቢ ስላሉ ጠርሙሱን መልሰው ወሰዱት፤ እኛም በጥም ደረቅን። ባዕድ አገር ሄዶ ይህን ያህል በድፍረት የተቃወመ ሰው ከአውራጃችን በመውጣቱ እንኮራለን።

አራተኛውን ቅሬታ ውዴ አንብባ ሰርዛዋለች። ስለ ባርኔጣዎ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ቅጣቱና ስለ ሽልማቱ። ስቶያንና እኔ ድርቆሹ ክምር ላይ ሆነን የተነሣነው ፎቶግራፍ በሰፈራቸው ጋዜጣ ወጥቶ፣ የሁለት ሕዝቦች ወዳጅነት ይህ ነው ተባለለትና ሽማግሌው ከአገሩ ልዑካን ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጣ ተመረጠ። ለዚያው ፎቶግራፍ እኔ ደግሞ በእርስዎ ፊርማ ከቀበሌዬ እንዳልወጣ ታግጃለሁ። አርብ ገበያ አህያዬን ለመሸጥ እንኳ አልችልም፤ ውዴ ናት የምትሄደው፤ በተመለሰችም ቁጥር አንተ ቡልጋሪያ ደርሰህ አርብ ገበያ የራቀብህ ሰው እያለች ትቀልድብኛለች። በጥቅምት ወር ኃይለ ሚካኤል በአማርኛ ገልብጦ የላከው የስቶያን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አራቱን ቀን አልረሳሁም፣ ማጭዴን ይዤ እመጣለሁ ይላል። ይህን ደብዳቤ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዤ አቅርቤ ነበር፤ ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው ተባልሁ። ገብሱ ግን መጣራቱን አይጠብቅም፤ ይረግፋል።

ወደፊት ልዑካን ወደ ውጭ ሲልኩ ይጠቅምዎ እንደሆነ አንዲት ምክር ልጨምር። እኔ በልጅነቴ ከቤተ ልሔም ተነሥቼ፣ መምህር እየመረጥሁ ጎጃምን፣ ቤጌምድርን፣ ወሎን ሰባት ዓመት በእግሬ ዞሬያለሁ። ያን ጊዜ ይለፍ ወረቀቴ አንድ ደበሎና አንድ አኩፋዳ ነበሩ፤ መሪም፣ ቆጣሪም አልነበረኝም። አንድ አገር አየሁ የምለውም የሰፈሩ ውሻ መጮኹን ትቶ ጅራቱን ሲቆላልኝ ነበር። በቡልጋሪያ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የትኛውም ውሻ አልለመደንም፤ የስቶያን ውሻ ግን በሦስተኛው ቀን እግሬ ሥር ተኛ። ስለዚህ ልዑካኑ ጥቂት ዕቃ ይያዙ፣ ረጅም ይቆዩ፣ ከሰው ጋር ይሥሩ፣ የቀረበላቸውን ይብሉ፤ ከሁሉም በላይ አልፎ አልፎ ይጥፉ። እንዲጠፉ ለማድረግ የእርስዎ አቆጣጠር በቂ ስለሆነ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ ባያነቡትም ስላስነበቡት፣ ማኅተምዎም ምሕረት አግኝቶ ኅዳር 22 ከመድረሱ በፊት ከመሳቢያው እንዲወጣ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ ኮከብ፣ የአሁን ቁራኛ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ ማለፍ የማይፈቀድለት ታዛዥዎ፣
ፈንታ ገብሬ

ከተለጠፈው ደብዳቤ ሥር የተጨመረ፣ ኅዳር 23 ቀን፦

ይለፉ አልመጣም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደጄ ላይ ተቀምጬ ወደ ጎንደር መንገድ እያየሁ ዋልሁ፤ እውነቱን ለመናገር አለቀስሁ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ አንድ የእህል መኪና ከመንገዱ ዳር ቆመና፣ ስቶያን የማጭዱን ስለት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከእህሉ ላይ ወረደ። ጎንደር ላይ ወደ አዳራሽ ሊያስገቧቸው ሲሉ ዞር ብሎ፣ ጋይንት ጋይንት እያለ ሾፌር አፈላልጎ መምጣቱ ነው። ሾፌሩ እንደነገረኝ በየኬላው ይለፍ ወረቀት አለዎ ወይ ሲሉት፣ አለኝ ለማለት ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፤ ኬላ ጠባቂዎቹም የለኝም ብሎ እንዲህ እየሣቀ የሚናገር ሰው ትልቅ ባለሥልጣን ቢሆን ነው እያሉ ሰላምታ ሰጥተው ያሳልፉታል። ጾም ስለሆነ ውዴ ባቄላ አቀረበችለት፤ ባቄላውን አየና አማትቦ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ውዴ ብቻ ምን እንዳሣቀን አልገባትም።

የጠፋ እንግዳ ፈልግ የሚል ስልክ እንደደረሰዎና ወደ ደብረ ታቦር ወጥተው እያሰሱ መሆኑን ሰማሁ። አይድከሙ፤ እኛ ቤት ነው። ሥራ የምንጀምረው ነገ ዓርብ ማለዳ ነው። ከነገ በኋላ ቅዳሜ፣ እሑድና መድኃኔ ዓለም አለ፤ ረቡዕ ደግሞ በዓለ ወልድ ነው፤ ስለዚህ አራቱ ቀን እስከ ታኅሣሥ መባቻ ይዘልቃል፤ ሽማግሌው ይህን ስነግረው በደስታ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እርስዎ መጥተው ከረዱን ግን ሥራው ቶሎ ያልቅና እንግዳውን ቆጥረው ይረከባሉ። ማጭድ ስለማምጣት አያስቡ፤ በየትኛው እጅዎ እንደሚያጭዱ እስከ ዛሬ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስላጣሁ፣ አንድ በቀኝ አንድ በግራ የሚያዝ አድርጌ ሁለት ስዬልዎታለሁ።