ስለማይጠፋው አምፖልዎ

ለተከበሩ የሴቶች ማረሚያ ቤት አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአንዲት ሕፃን እንቅልፍ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ፣ ቤተሰብዎ ደኅና እንደሆነ፣ ከምንም በላይ ደግሞ እንቅልፍዎ እንዴት እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ማታ ራስዎን ትራስ ላይ አሳርፈው፣ እጅዎን ወደ ማጥፊያው ሰደድ አድርገው፣ መብራቱን አጥፍተው እንደሚተኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያስተዳድር ሰው ጨለማ ሊነፈግ አይገባውም።

እኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ታናሽ እህቴ በእርስዎ ግቢ ፍርዷን በመፈጸም ላይ ትገኛለች። በፍርዱ አልከራከርም፤ አጥፍታለች፣ ተፈርዶባታል። ስትገባ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ልጇን የወለደችውም ያሳደገችውም በእርስዎ ጣሪያ ሥር ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጋር አይቆይም በሚለው ደንብዎ መሠረት ልጂቱ በልደቷ ማግስት ተሸኝታ፣ በአንዲት ክፍል ቤት ብቻውን ለሚኖር አጎቷ፣ ማለትም ለእኔ፣ ተሰጥታለች። እንዲህ ያለ የልደት ስጦታ ከእርስዎ በቀር የሚያስብ የለም። በመልካም ሥነ ሥርዓት አሳድገው ስላስረከቡኝም የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ቆጠራን ስላስተማሩልኝ። ልጂቱ ከመተኛቷ በፊት ማንም ሳያዛት ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች፤ ካልተቆጠረች አልጋ ላይ አትወጣም። እኔም ፊት ለፊቷ ቆሜ «አንድ» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ የምቆጥረው የለኝም።

2ኛ፦ ስለ ቁልፉ። በሩ ከውጭ መቆለፉን በጆሮዋ ሳትሰማ ጋደም አትልም። ስለዚህ በየማታው ወጥቼ ጓጉንቸሩን አንኳኩቼ ተመልሼ እገባለሁ። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ሰክሮ ነው አሉ፤ መጠጥ እንደማልቀምስ ሲያስታውሱ ደግሞ ለይቶለታል ብለው ተስማሙ። የሠፈሩን ሰው አንድ ሐሳብ ላይ ማድረስ ቀላል ሥራ አይደለምና ምስጋናው የእርስዎ ነው።

3ኛ፦ ዋናው ምስጋናዬ አምፖሉን ይመለከታል። የክፍላቸው አምፖል ለጥበቃ ሲባል ሌሊቱን ሙሉ እንደሚበራ፣ ማጥፊያውም በክፍሉ ውስጥ እንደሌለ እህቴ ነግራኛለች። እንግዲህ ልጂቱ ባጠፋሁባት ቁጥር ትጮኻለች፤ ባበራሁላት ቁጥር ደግሞ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ የሆነ ነገር ስትጠብቅ ታድራለች። የሕፃናት ሐኪሟ ደግ ሴት ናቸው፤ ገላዋን በለብታ ውኃ እንዳጥባት፣ ተረት እንዳወራላት፣ ደብዘዝ ያለች የሌሊት መብራት ገዝቼ ቀስ በቀስ ጨለማውን እንዳለማምዳት መከሩኝ። አጠብኳት። ተረት አወራሁላት፤ ጫካውንም ወንዙንም አይታ ስለማታውቅ አላመነችኝም። የዳክዬ ቅርጽ ያላት መብራትም ገዛሁ። ልጂቱ ዳክዬዋን ዙሪያዋን መረመረችና «አጎቴ፣ ይቺ መብራት አሟታል እንዴ?» አለችኝ።

አንድ ምሽት ትዕግሥቴ አለቀና፣ በብርሃኑ የማትተኚ ከሆነ ለምን አብራ ትይኛለሽ ብዬ ተቆጣኋት። እሷም ሞኝነቴ እየገረማት «ካልበራማ እማዬ ለምን በእጇ ትሸፍነኛለች?» ብላ መለሰችልኝ።

ለካስ እህቴ አምፖሉ ልጇን እንዳይወጋት መዳፏን ዓይኗ ላይ ከድና ነበር የምታስተኛት። ልጂቱ በዕድሜዋ የምታውቀው ጨለማ የእናቷን መዳፍ ብቻ ነው። መብራት ሲበራ እጁ ይመጣል ብላ ትጠብቃለች፤ ጨለማ ከሆነ ግን እጁ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ያን ዕለት ጀርባዬን ሰጥቻት አለቀስኩ። በኋላ የራሴን እጅ ሞከርኩላት፤ ሲጨብጥ የኖረው መሪና ማርሽ ብቻ ስለሆነ ሻካራ ነው፤ በሁለት እጇ አነሳችና ደረቴ ላይ መለሰችልኝ።

4ኛ፦ ስለ መልስዎ። በጉብኝት ቀን እናትና ልጅ ሽቦ ሳይከልላቸው ለጥቂት ጊዜ እንዲገናኙ በማመልከቻ ለምኜ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ሕፃኗ ከሽቦው ወዲያ ብታልፍ ለግቢው ፀጥታ እንደምታሰጋ በአክብሮት ገለጸልኝ። ግራና ቀኝ ጫማዋን አቀያይራ የምታደርግ ልጅ ይህን ያህል አደገኛ መሆኗን አላወቅሁም ነበር። ጓጉንቸሩን አሁን ጠበቅ አድርጌ አንኳኳለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እህቴን ይፍቱልኝ አልልም። የደንብዎንም አምፖል ያጥፉት አልልም። እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር አድሬ በማለዳ መሪ ስጨብጥ ከኋላዬ ስንት ነፍስ እንደሚቀመጥም አላነሳብዎትም። የምለምነው ያቺ እጅ ያለ ሽቦ እንድትደርሳት ብቻ ነው። እናቷ እጇን እያሳረፈችባት፣ ነገ ባልመጣም ተኚ ብላ በራሷ አንደበት ብትነግራት ልጂቱ ትሰማታለች ብዬ አምናለሁ። እኔን አትሰማኝም።

ቀዝቃዛ ትራስና ድቅድቅ ጨለማ እየተመኘሁልዎ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የአንዲት ልጅ ቆጣሪና ቆላፊ፣
አጎቷ

ግልባጭ፦
ለአውቶቡሴ የማለዳ ተሳፋሪዎች፣ ጠበቅ አድርገው እንዲይዙ

ማስታወሻ፦ ለአንዲት የጥበቃ ባልደረባዎ ምስጋና እንዲደርስልኝ እለምናለሁ። ባለፈው የጉብኝት ቀን እህቴ መዳፏን ሽቦው ላይ ለጠፈች፤ ልጂቱም ከወዲህ ሆና ዓይኖቿን መዳፉ ትክክል አስጠጋች። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንደቆመች እንቅልፍ ወሰዳት። ወገቧን ደግፌ ይዣት ነበር፤ እህቴም እጇን አላነቃነቀችም። ባልደረባዎ ሽቦውን መንካት ክልክል መሆኑን አስታውሳ የልጂቱን ትከሻ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰቻት። ልጂቱ አላለቀሰችም፤ ቀና ብላ «ነጋ?» ብላ ጠየቀች። መብራቱም ማጥፊያውም በእጅዎ ነውና መልሱን እርስዎ ይንገሯት።